ውኃ በደሴ በ92 ይፈላል፦ የፊዚክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችንን መንገድ ያስያዘችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጥቅምት ላይ ዕቅድ ለማውጣት ተሰብስበን ነበር። እንደ ልማዳችን የፀሐይ ምድጃ እንሥራ፣ ሞተር እንሥራ ይባላል። እሷ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ድንጋይ ሲወድቅ መቼ መሬት እንደሚደርስ ፊዚክስ ይነግረናል። መንግሥት ሲወድቅስ?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ዓመቱን ሙሉም ከዚያው አልወጣንም።

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንገናኛለን። ከኅዳር ጀምሮ የታሪክ መምህራችን አብረውን ሆኑ። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ክበቡ መንገድ ይስት ነበር።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የቤልጅየሙ የሥነ ፈለክ ሰው አዶልፍ ኬትሌ በ1835 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሰው ልጅ የተሰበሰቡ ቁጥሮችን፣ ወንጀልን ሳይቀር፣ ሰማይን እንደሚለካ ሰው መረመረ። ሥራውንም ማኅበራዊ ፊዚክስ አለው። ፈረንሳዊው ኦጉስት ኮምት ይህን ስም ለራሱ ይፈልገው ስለነበር አልወደደለትም። ሶሺዮሎጂ ወደሚለው ቃል የዞረውም ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ልጆቹን ማኅበራዊና ተፈጥሮ ሳይንስ ብለን ለሁለት እንከፍላቸዋለን። ሁለቱ አንድ ቤት አብረው እንዳደሩ ማወቃቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሥራችን ውኃ ማፍላት ነበር። ድስት ጣድን፣ ቴርሞሜትር አስገባን። ውኃው ተንተከተከ፤ ቴርሞሜትሩ ግን 92 አካባቢ ቆመ። «ተበላሽቷል» አሉ ልጆቹ። አልተበላሸም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውኃ 100 ሳይደርስ ይፈላል። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ዘመድ ጥየቃ የወረደ ልጅ ቴርሞሜትሩን ይዞ ሄደና 94 ለክቶ መጣ። በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎ ተራራ መውረድ ብቻ ሁለት ዲግሪ ጨመረ ማለት ነው። «ለካ እናቴ ደሴ ላይ ንፍሮ አይበስልልኝም የምትለው ለዚህ ነው» አለች አንዷ። ልክ ናት።

ከዚያ ጥያቄውን አመጣሁ። ከ20 ዲግሪ እስከ 90 ውኃው ለዓይን ያው ውኃ ነው። ከዚያ በአንድ ሁለት ዲግሪ ውስጥ ይገለባበጣል። ታዲያ ውኃውን ያፈላችው የመጨረሻዋ ዲግሪ ናት?

የታሪክ መምህራችን 1966ን ሰሌዳው ላይ ዘረዘሩት። ጥር ላይ ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግብና በውኃ ምክንያት አመፁ። የካቲት ላይ ነዳጅ ተወደደና የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም የትምህርት ማሻሻያ ዕቅዱን ተቃውመው አደሙ። በዚያው ወር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ታዲያ ዙፋኑን የጣለው የቤንዚን ዋጋ ነው? «አይደለም፣ ቤንዚኑ የመጨረሻዋ ዲግሪ ነው» አሉ ልጆቹ። ከሥር የነበረውን እሳት ለማወቅ ደግሞ የደሴ ልጅ ሩቅ መሄድ የለበትም። የወሎ ረኀብ የዚሁ አገር ታሪክ ነው። አያቶቻችሁን ጠይቁ አልኳቸው። እህል ፍለጋ ወደ ደሴ ሲመጡ መንገድ ዳር ስለቀሩ ሰዎች ሰምተው መጡ። ያን ሐሙስ ቴርሞሜትሩን አላወጣንም። ዝም ብለን ስንሰማ መሸ።

ጥር ላይ የአሸዋ ክምር ሞክረን ነበር። ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ትሪ ላይ አሸዋ ጠብ ጠብ ማድረግ ብቻ። ዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ ፐር ባክ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1987 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ፣ አንድ ፍሬ አንዴ ምንም ሳታደርግ ሌላ ጊዜ ግን ክምሩን ልትንድ ትችላለች ይላል። የእኛ አሸዋ እንደ ሐሳቡ አልሆነልንም። በኋላ ኖርዌይ ውስጥም ረጅም ፍሬ ያለው ሩዝ የተሻለ እንደሚሠራ መታየቱን አነበብን። ሩዝ ውድ ነው፤ ተውነው።

የዓመቱ ትልቁ ቀን መጋቢት ላይ ነበር። ሐሳቡ የአሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት የማርክ ግራኖቬተር ነው፤ 1978 እ.ኤ.አ.። ሠላሳ ተማሪ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። ከ0 እስከ 29 የተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች አደልኩ። ሕጉ አጭር ነው፤ ወረቀትህ ላይ ያለውን ያህል ሰው ቆሞ ስታይ ተነሥ። 0 የደረሰው ልጅ ማንንም ሳይጠብቅ ተነሣ። 1 የደረሳት እሱን አይታ ተነሣች። ሁለቱን አይቶ ሦስተኛው። ብዙም ሳይቆይ ሠላሳውም ቆሙ፤ ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ።

ወረቀቱን ሰበሰብኩና ለየባለቤቱ መለስኩ። አንዷን ብቻ ቀየርኩ፤ 1 የነበረችውን 2 አደረግኳት። ለማንም አልተናገርኩም። 0 የያዘው ልጅ ተነሣ። ዙሪያውን አየ። ጠበቀ። ማንም የለም። «ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

ምንም አላጠፋም። ሜዳው ያው፣ ልጆቹም ያው ናቸው። ሃያ ስምንቱ ያው ወረቀታቸውን ይዘዋል፤ ከጎናቸው ያለው ቢነሣ ይነሡ ነበር። ከውጭ የሚያይ ሰው ግን ሁሉም ደስ ብሎት ተቀምጧል፣ አንዱ ብቻ አስቸገረ ይላል። ይህን ለማስረዳት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ብናገር እንደዚያች ደቂቃ አይገባቸውም ነበር።

የታሪክ መምህራችን ታኅሣሥ 1953ን አነሡ። ወንድማማቾቹ መንግሥቱ ንዋይና ገርማሜ ንዋይ ንጉሠ ነገሥቱን ለመጣል ተነሡ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ፤ ሕዝቡ ግን አልተከተለም። ወዲያው ግን ራሳቸው አስጠነቀቁን። ያኔ ምድር ጦርና አየር ኃይል ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆመዋል። «ታንክ ያለው ሰው ወረቀትና ባዶ እጁን ያለው ሰው ወረቀት እኩል አይደለም» አሉ። በእኛ ጨዋታ ውስጥ ታንክ አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ ያቺው የጥቅምቷ ልጅ ሌላ ነገር አመጣች። «ቲቸር፣ ውኃ ሊፈላ መሆኑን አይሰማም። ሰው ግን ይሰማል። ሊፈላ ነው ብለው ቢነግሩት ወይ ይሸሻል፣ ወይ እሳቱን ያጠፋል፣ ወይ እንጨት ይጨምራል።» ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ለወላጆች ቀን የተሠራው ፖስተር ሁሉ ከሥሩ አንድ መስመር ተጨመረለት፤ ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታ።

አንድ ነገር ሆን ብዬ አስቀርቻለሁ። አንድ ልጅ የ2014ቱን ጦርነት በዚህ መንገድ እናስረዳ ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ከመካከላችን ያኔ ከቤቱ የተፈናቀለ አለ፤ ሰው የሞተበትም አለ። የጓደኛን ሐዘን ወረቀት ላይ ቁጥር ማድረግ አልፈለግኩም። ልጁ ተረዳኝ። ጥያቄው ግን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አለ።

ለከርሞ ኮምቦልቻ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ለመለካት አስበናል። ለዚህ ሁለት ቴርሞሜትር ያስፈልገናል፤ ያለን አንድ ነው። ምዝገባ መስከረም ላይ በቤተ ሙከራው ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችም ኑ።