ለጋዜጠኛ ስልክ እናንሳ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ቢሯችን መጣች። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው የያዘችው፣ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ። አለቃዬ «ደብዳቤ ታምጣ» አሉ። ከሰዓት ይዛ ተመለሰች። መዝገብ ቤት ማኅተም ተመታበት፤ እዚያው ተኛ። ጋዜጣው ግን ማታ ማተሚያ ቤት መግባት ነበረበት። ዘገባው ያለ እኛ ቃል ወጣ። በማግስቱ «ስማችንን አጠፉ» ተባለ።

በጣም ቆጨኝ። መልሱ እኮ እጄ ላይ ነበር!

አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል መረጃ ሲጠየቅ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። እኛ የያዝነው 30ውን ቀን ብቻ ነው።

የሙያ ባልደረቦቼን ልለምን። ጋዜጠኛ ሲደውል ስልኩን እናንሳ። መልሱ ከሌለን «አጣርቼ 9 ሰዓት ላይ እደውላለሁ» እንበልና 9 ሰዓት ላይ እንደውል። አለቆችም ቢሆኑ ቀላሉን ጥያቄ እኛው እንድንመልስ ይፍቀዱልን። ጋዜጠኞችን ለምርቃትና ለስብሰባ ብቻ አንጥራቸው።

የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ
ከአዲስ አበባ