ጾሙን በራስ ጉልበት የጀመረ ምኩራብ ላይ ይደክማል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ዐቢይ ጾም በቀረበ ቁጥር በየጋዜጣውና በየሬዲዮው የሚሰጠው ምክር «ወስን፣ ጨክን፣ ትችላለህ» የሚል ነው። ለሩጫ ይሆን ይሆናል፤ ለጾም ግን ጉዳት አለው።

ምእመኑ በዘወረደ፣ በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ማንንም ሳያማክር ለራሱ ሕግ ያወጣል፦ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት መዋል፣ ቡናና ሲጋራ በአንድ ቀን መተው፣ በየቀኑ መቶ ስግደት። ሁለተኛዋን ሳምንት፣ ቅድስትን፣ እንደምንም ያልፋታል። በሦስተኛው ሳምንት፣ በምኩራብ፣ አንዱ ይፈርሳል፤ ያ ሲፈርስ ሌላውም ይከተላል። ሕጉ የቆመው ሰውየው ለራሱ በሰጠው ግምት ላይ ስለሆነ ግምቱ ሲከዳው መመለሻ ያጣል። «እኔማ አልረባም» ብሎ እስከ ፋሲካ ይተወዋል። ይህ ትሕትና ይመስላል፤ የተሸነፈ ትዕቢት ነው። ጴጥሮስም «ሁሉም ቢሰናከሉ እኔ አልሰናከልም» ባለበት ሌሊት ነው የካደው። በጌቴሴማኒ የታዘዘለት መድኃኒት መትጋትና መጸለይ ነበር፤ እሱ ግን ተኛ (ማቴ. 26)።

በእግዚአብሔር ኃይል መደገፍ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። መጀመሪያ መጠኑን ከንስሐ አባት መቀበል ያስፈልጋል። ይህን ሁለት ሳምንት ቀድሞ በሚገባው በጾመ ነነዌ መጨረስ ይሻላል፤ ዋዜማው ላይ ካህናቱም ፋታ የላቸውም። የሥራውን ጠባይና ጤናውን ሳይደብቅ ይንገራቸው። ለሕመምተኛ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ያቀሉላቸዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ምግብ ቢዘል ግን ፈጣሪን መፈታተን እንጂ መታመን አይባልም። ቡና በአንዴ ላቆመ ሰው የሚመጣበትን ራስ ምታትም ሁሉ ለሰይጣን መስጠት አይገባም፤ ቀስ በቀስ ቢቀንስ ይበቃል።

ከዚያ ጸሎቱ ከፈተናው ይቅደም። የነግሁ (የማለዳው) ጸሎት ከቤት ሳይወጣ ይደረስ። ረኀብና ንዴት የሚበረቱት ከ6 እስከ 9 ሰዓት ነውና በዚያ ሰዓት «አቤቱ፥ አልችልም፤ አንተ አስችለኝ» የምትለው አጭር ልመና ትበቃለች። ጳውሎስ ኃይል በድካም እንደሚፈጸም የተነገረው ድካሙ ይወገድለት ዘንድ ሦስት ጊዜ ለምኖ ነው (2ኛ ቆሮ. 12)። ድካሙን የሚሸፍን ሰው ምን ብሎ ይለምናል?

የወደቀ በዚያው ቀን ይነሣ። «ነገ እጥፍ እከፍላለሁ» ማለት በዚያው ጉልበት ዳግመኛ መታመን ነው። ለአባቱ ይንገርና አዲስ መጠን ይቀበል። ያልወደቀው ደግሞ የጎረቤቱን ሳህን መቁጠር ከጀመረ ያው በሽታ በሌላ በኩል ገብቶበታል።

አንድ ልመና አለን። በጾሙ ሰሞን የሽሮና የሱፍ ፍትፍት አሠራር ስታወጡ በየደብሩ የዘወትር ቅዳሴ ስንት ሰዓት እንደሚገባ አብራችሁ ብታትሙ መልካም ነው። በጾሙ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ሰዓቱን ያወቀ ሠራተኛ ከአሠሪው ፈቃድ ለመጠየቅ ይመቸዋል።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢዎቻችሁ