ሐምሌ 26 እና ሚያዝያ 5 እንዳያመልጡን፦ ለጎንደር ከተማ ትምህርት መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

እዚሁ ጎንደር ፊዚክስ አስተምራለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ ሁለት ቀኖች ነው። አንዱ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፤ ሌላው ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.። በሁለቱም ቀን ሰማዩ ትልቅ ነገር ያሳየናል፤ በመጀመሪያው የፀሐይ ግርዶሽ፣ በሁለተኛው በምድር አጠገብ የሚያልፍ የጠፈር አለት። ሁለቱም ከአሁኑ እቅዳችሁ ውስጥ ካልገቡ ግን እንደ ባለፈው ያመልጡናል።

"እንደ ባለፈው" ስል ሰኔ 14 ቀን 2012ን ማለቴ ነው። እሑድ ማለዳ ነበር። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆና ታየች። እኛ ዘንድ ቀለበት አልሆነችም፤ እንደ ማጭድ ቀጠነች። እኔ ጃን ተከል ዋርካው ሥር ነበርኩ። ብርሃኑ ደብዘዝ አለ፤ አየሩም ቀዝቀዝ ሲል ተሰማኝ። ፀሐይዋን ቀና ብዬ ማየት ስለማልችል መሬቱን አየሁ። በቅጠል መሃል ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን ሌላ ጊዜ ክብ ክብ ነጠብጣብ ነው የሚሠራው። ያን ማለዳ መሬቱ ሁሉ በትንንሽ ማጭዶች ተሞልቶ ነበር። ነፋስ ቅጠሉን ሲያወዛውዘው ማጭዶቹም አብረው ይወዛወዛሉ። በቅጠሎቹ መሃል ያለች እያንዳንዷ ቀዳዳ የፀሐይን ምስል መሬት ላይ እየጣለች ነበር። ሰሌዳ ላይ ብዙ ዓመት የሳልኩት የጨረር ትምህርት እግሬ ሥር ተዘርግቶ አገኘሁት። የማሳየው ተማሪ ግን አጠገቤ አልነበረም።

አንዱ ተማሪዬ ያን ቀን ፀሐይዋን ያየው በራጅ ፊልም ነው። ትምህርት ሲከፈት ወደኔ መጣና "ቲቸር፣ የማነበው መሃሉ ላይ ጥቁር ነገር አለ" አለኝ። የራጅ ፊልም ብርሃኑን ያደበዝዘዋል እንጂ የማይታየውን ጨረር አያስቀረውም። የዓይን ብሌን ከኋላ ያለው ስስ ሽፋን ደግሞ ሕመም አይሰማውም። ሲቃጠል "አመመኝ" አይልም። ልጁ በጊዜው ምንም አልተሰማውም። ቀድሞ የነገረው ሰውም አልነበረም። እኔም አልነገርኩትም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አሁን ወደ ሐምሌ 26 ልምጣ። ቀኑ ሰኞ ነው፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን 2027። የጨረቃ ጥላ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነስቶ በደቡብ ስፔንና በሰሜን አፍሪካ በኩል ያልፋል። ግብፅ፣ ሉክሶር ላይ ፀሐይ ከ6 ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትጠፋለች። ከዚያ ጥላው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ መካና ወደ የመን ይወርዳል። እኛ ከጥላው መንገድ በስተደቡብ ስለሆንን የምናየው ከፊሉን ነው። ሰዓቱ ሰባት ተኩል አካባቢ ይሆናል፤ ፀሐይም ከአናታችን ብዙ አትርቅም። ሐምሌ ክረምት መሆኑን አውቃለሁ። ደመናው ሊከለክለን ይችላል። ግን የጎንደር ክረምት ድንገት የሚገለጥበት ጊዜም አለ። አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ደመናው ለአምስት ደቂቃ ሲከፈት ያልተዘጋጀ ልጅ ሁሉ በባዶ ዓይኑ ቀና ይላል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይኼ ነው። ተማሪዎች ሰኔ ላይ ከመበተናቸው በፊት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የግርዶሽ መነፅር ይድረሰው። መነፅሩ አይ.ኤስ.ኦ. 12312-2 የሚለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ያሟላ ይሁን። ለሁሉም ካልደረሰ ልጆቹ እየተፈራረቁ ያዩበታል። ቁጥር 14 የብየዳ መስታወትም ይሠራል። እሱም ከጠፋ የፓስታ ማጥለያ አለ። ማጥለያውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ጀርባን ለፀሐይ አዙሮ፣ ጥላውን ነጭ ወረቀት ላይ ማየት ነው። በየቀዳዳው አንድ አንድ የተገመጠች ፀሐይ ትታያለች። ይህን ለመምህራን ለማሳየት ግማሽ ቀን ይበቃል። እኔ በነፃ አሠለጥናለሁ።

ሁለተኛው ቀን ለኔ ከዚህም ይበልጥብኛል። ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓርብ ነው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13 ቀን 2029። አፖፊስ የሚባል አለት ያን ሌሊት በምድር አጠገብ ያልፋል። ስፋቱ ከ300 ሜትር በላይ ነው። ከምድር ገጽ የሚኖረው ርቀት 32,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ለተማሪዎቼ የማስረዳው በዲሽ ነው። ጣራችን ላይ ያለው ዲሽ ፊቱን ያዞረላት ሳተላይት 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። አፖፊስ ከሷም በታች ነው የሚያልፈው። ያለ ቴሌስኮፕ፣ በባዶ ዓይን ይታያል። የሚታየውም በአውሮፓ፣ በአፍሪካና በምዕራብ እስያ ነው። የእኛ አህጉር በዚህ አንድ ሌሊት ከፊተኛው ወንበር ተቀምጣለች። ተወርዋሪ ኮከብ እንዳይመስላችሁ። መካከለኛ ድምቀት ያላት ኮከብ በሌሎቹ መሃል ቀስ እያለች ስትሄድ ማየት ነው።

ይመታናል ወይ? አይመታንም። በ2004 እ.ኤ.አ. ሲገኝ ለ2029 ወደ 2.7 በመቶ የሚጠጋ ዕድል ተሰጥቶት ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. በራዳር ከተለካ በኋላ ግን ቢያንስ ለ100 ዓመት ስጋት እንደሌለው ተረጋግጧል። ይህን አስቀድሞ መናገር የእናንተ ሥራ ነው። 2024 ዋይ አር 4 የተባለው ሌላ አለት በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ 3.1 በመቶ ዕድል ሲሰጠው ክፍል ውስጥ የነበረውን ጭንቀት አልረሳውም። "ዓለም ልትጠፋ ነው" የሚል ቪዲዮ በየስልኩ ይዞር ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ስሌቱ ተጣርቶ ምድርን እንደማይነካ ሲታወቅ ግን ያንን የሚናገር ቪዲዮ ያየ ተማሪ አላገኘሁም። በሚያዝያ 2021ም ያው ወሬ ይመጣል። ልጆቹ እውነቱን ከእኛ ቀድመው ይስሙት።

አንድ ነገር ልጨምር። የሰፈራችን የኔታ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትን ቀን የሚያወጣውን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ ያውቃሉ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ "የኔታ፣ በ2021 ፋሲካ መቼ ይውላል?" አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ መቁጠር ጀመሩ። "ዘመኑ ማቴዎስ። አበቅቴ አሥራ አምስት፣ መጥቅዕም አሥራ አምስት" አሉ። ቆየት ብለው "መጋቢት ሠላሳ" አሉኝ። እኔ ገና ስልኬን እየከፈትኩ ነበር። ልክ ናቸው። ሚያዝያ 5 እንግዲህ የፋሲካው ሳምንት ዓርብ ነው። ሰው ቤቱ ነው፤ ጾም የለም፤ ዘመድ ከዘመድ ተሰብስቧል። ጨረቃዋም ያን ሌሊት አትታይም። ጨለማው ንጹሕ ነው። ከዚህ የተሻለ ሌሊት ብንመርጥም አናገኝም።

የኔታ አለቱን አያውቁትም ነበር። ስነግራቸው የጠየቁኝ ጥያቄ "ዑደቱ ስንት ነው?" የሚል ነው። ፀሐይን በአንድ ዓመት አካባቢ እንደሚዞር ነገርኳቸውና ረጅም ሰዓት ተጫወትን። የአብነት መምህራንና የፊዚክስ መምህራን እዚህች ከተማ ውስጥ ጎረቤት ሆነን ሳንተዋወቅ እንኖራለን። የፀሐይንና የጨረቃን መንገድ በምዕራፍ ከፍሎ የሚቆጥረው መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሰማይ መለኪያ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ፣ ሲመለስ የዚህን መጽሐፍ ቅጂዎች ይዞ ሄዷል። ስለዚህ በዚያ ሌሊት የኔታም ተጋብዘው ለልጆቹ እንዲናገሩ እፈልጋለሁ።

ለሚያዝያ 5 የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ከከተማው አስተዳደር ጋር ተነጋግራችሁ በፋሲል ግንብ ዙሪያ ያለው መብራት ለጥቂት ሰዓት ይጥፋልን። መብራት ሲሄድ ሰፈራችን ምን ያህል ኮከብ እንደሚያይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለአንድ ሌሊት ሆን ብለን እናጥፋው። ተማሪ ከወላጁ ጋር የሚመጣበት ቦታም ይዘጋጅ። ሦስተኛው፣ በየትምህርት ቤቱ መጋዘን የተቆለፈ ቴሌስኮፕ ካለ ይውጣ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት ከነካርቶኑ የተቀመጠ አይቻለሁ። ቁልፉ ያለው ሰው እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሲከፈት ሌንሱ ሻግቷል። አንድም ልጅ ሳያይበት።

ጊዜው ከባድ እንደሆነ አይጠፋኝም። ክልላችን ውስጥ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያልቻሉ ልጆች አሉ። በሌሊት ሰው መሰብሰብ ሰላም ይፈልጋል። በዚህ መሃል ስለ አለትና ስለ ግርዶሽ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ግን ሰላም ሲመጣ ቀኑ አልፎ እንዳይሆን፣ ዝግጅቱ ከወዲሁ ይያዝ። እነዚህ ቀኖች ለሌላ ጊዜ አይተላለፉም።

መልሳችሁን በደብዳቤም ሆነ በስልክ እጠብቃለሁ። መልሱ ዘገየም አልዘገየ፣ ሐምሌ 26 ስድስት ሰዓት ላይ ጃን ተከል ዋርካው ሥር እገኛለሁ። ማጥለያና ነጭ ወረቀት እይዛለሁ። ያ ተማሪዬም አድጓል፤ አብሮኝ እንዲመጣ ጠይቄው እሺ ብሎኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ጎንደር