ሞግዚት አይደለሁም

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው፣ ዓይኔ ተሳስቶ እንደሆነ ብዬ ነው። አልተሳሳተም። እንዲህ ነው የሚለው፦ «ቬተራን ሲያረጅ መንግሥት ወስዶ በነፃ ይጦረዋል፤ ቤቱ መቆየት ከፈለገም ሞግዚት ይቀጠርለታል።»

ሌላውን ሁሉ ትቼላችኋለሁ። የፎቶውንም ነገር ትቼዋለሁ። ይቺን ግን አላልፋትም።

ሜሪላንድ ስቴት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ ሆም ኬር፣ ማለትም አረጋውያንንና ሕሙማንን ቤታቸው ሄዶ የመርዳት ሥራ፣ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሁን ከምረዳቸው ሰዎች አንዱ ቬትናም የዘመቱ የ78 ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ሞግዚት ልጅ ነው የምትጠብቀው። እኚህ ሰውዬ ዳናንግ ሲዘምቱ እኔ ቀርቶ እናቴም አላገባችም። ገላቸውን ከማጠቤ በፊት ትከሻቸው ላይ ፎጣ ጣል አደርጋለሁ፣ ራቁታቸውን በመሆናቸው እንዳይሳቀቁ። ውኃ ድንገት ጀርባቸውን ከነካቸው ይደነግጣሉ፤ ስለዚህ ከእግራቸው ነው የምጀምረው። ከወንበር ሳነሳቸው ብብታቸውን አልይዝም፣ ወገባቸው ላይ የማስርላቸውን ቀበቶ ነው እንጂ። ትከሻ ይወልቃላ! የፌዴራሉ ደንብ ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ለሚከፍላቸው፣ ቤት ለቤት እንክብካቤ የሚሰጡ ኤጀንሲዎች ሠራተኞች ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፣ ከዚያ ውስጥ 16ቱ በተግባር። ጸሐፊያችሁስ ስንት ሰዓት ሰልጥነው ነው የጻፉት?

እሺ፣ ስሙ ይቅር። ጉዳት ያለው «በነፃ» የምትለዋ ላይ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የማውቃት ሴት አገኘሁ። ባሏ በሱዳን በኩል በስደት መጥቶ የአሜሪካ ጦር ውስጥ የገባ ሰው ነው፤ በ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ዘምቷል። አሁን ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ይዞታል። ብቻዋን ታነሳዋለች፣ ብቻዋን ታስተኛዋለች። ለቪኤ፣ የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ ለሚይዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አመለከትሽ ወይ ስላት ምን ትለኛለች? «ሲብስበት ይወስዱታልኮ፤ ይኸው አንብቢው» ብላ ስልኳን ዘረጋችልኝ። የእናንተው ጽሑፍ!

ማንም ዝም ብሎ አይወስደውም። ቪኤ ነርሲንግ ሆም (መጦሪያ ቤት) የማስገባት ግዴታ ያለበት፣ በውትድርናው ምክንያት የደረሰበት ጉዳት 70 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ተብሎ ለተመዘገበ፣ ወይም በዚያው ጉዳት የተነሳ ነርሲንግ ሆም ለሚያስፈልገው ሰው ነው። ሌላው ሰው የሚገባው ክፍት ቦታ ከተገኘ ነው። እሱም ቢሆን 10-10ኢሲ የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ፣ ገቢና ንብረቱ ታይቶ፣ ከመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት በኋላ በቀን እስከ 97 ዶላር ሊጠየቅ ይችላል። በነፃ አላችሁ? እዚህ ሜሪላንድ ያለው የቬተራኖች መጦሪያ፣ ሻርሎት ሆልም፣ የስቴቱ ነው፤ ቪኤ ከወጪው ከፊሉን ነው የሚሸፍነው።

«ሞግዚት ይቀጠርለታል» ያላችሁት ደግሞ፣ ቪኤ ከኤጀንሲ ጋር ተዋውሎ እንደ እኔ ያለውን ሰው ለተወሰኑ ሰዓታት ይልካል ማለት ነው። ለእኔ ሽማግሌ የተፈቀደላቸው በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የቀረውን 156 ሰዓት ማን ይጦራቸዋል? ሚስታቸው፤ እሳቸውም 74 ዓመታቸው ነው። (እኔም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በአውቶቡስ የምሄድበት ሰዓት አይከፈለኝም፤ እሱን ለኤጀንሲዬ ነግሬ ሰልችቶኛል።)

መጻፍ የነበረባችሁማ ሌላ ነው። ቬተራኑ በጀት ተሰጥቶት የሚረዳውን ሰው ራሱ የሚቀጥርበት ፕሮግራም አለ፣ የገዛ ልጁን ጭምር። በጦርነት ዘመን ላገለገለና ገቢው ዝቅ ላለ ሰው፣ ለመታጠብና ለመልበስ ረዳት ካስፈለገው በጡረታው ላይ የሚጨመር ገንዘብ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የተፈረመው የኤልዛቤት ዶል ሕግ ደግሞ ቪኤ በቤት ለሚሰጥ እንክብካቤ የሚያወጣውን ጣሪያ ከነርሲንግ ሆም ወጪ 65 ፐርሰንት ወደ 100 ፐርሰንት አሳድጎታል። ዜና ማለት ይሄ ነበር! እናንተ ጋ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም።

ፎቶውን ትቼዋለሁ ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ሽማግሌውን ደግፎ የያዘ ጓንት ያጠለቀ እጅ ይታያል፤ የባለ እጁ ፊት ግን ተቆርጧል። ከሥሩ «እኛ ኢትዮጵያውያንም አረጋውያንን መጦር ከዚህ ልንማር ይገባል» ብላችኋል። ጉድ ነው! በዚህ አካባቢ ያንን ጓንት ካጠለቁት ውስጥ ስንቶቻችን ሀበሻ እንደሆንን ማንን ጠየቃችሁ? የእኔም አባት ወታደር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ደብረ ብርሃን በእግሩ ገባ፤ እሱን ግን የሚጦር ቅጽ የለም። አሁን እህቴ ናት የምታጥበው፣ እኔ እልክላታለሁ። ፎጣውን ትከሻው ላይ አድርጊለት ያልኳትም እኔው ነኝ፣ በስልክ። ማን ከማን ይማር?

እርማት አውጡ፤ ጥግ ላይ ሳይሆን እዚያው ጽሑፉ አናት ላይ። ከሴትዮዋ ጋር ቅዳሜ ቅጽ ልንሞላ ተቀጣጥረናል። ባሏ ዲዲ 214 የሚሉትን የመልቀቂያ ወረቀት የት እንዳስቀመጠው አያስታውስም። እስካሁን ሦስት ሻንጣ በርብረናል፣ አንድ ቀርቶናል።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ