የቅዳሜው ውይይት፦ ስለ ሥነ ልቦና ከማጋራታችን በፊት

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት በዙም ተገናኝተን፣ ግሩፑ ላይ ስለ ሥነ ልቦና የምንለጥፈው ነገር እንዴት ይጣራ የሚለውን እንወስናለን። ሊንኩ ዓርብ ይለቀቃል።

መነሻችን የማርሽማሎው ሙከራ ነው፤ ልጅ ፊቱ የተቀመጠለትን ጣፋጭ (ማርሽማሎው) ሳይበላ ከጠበቀ ሁለተኛ የሚጨመርለት ሙከራ ማለት ነው። «ታግሶ ጣፋጩን ያልበላ ልጅ ሲያድግ ይሳካለታል» የሚለው ፖስት መቼም ያልደረሰው የለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ከ900 በላይ ልጆችን ይዞ የወጣ ጥናት ግን በመታገሥና በኋላ ስኬት መካከል ያለውን ግንኙነት ቀድሞ ከተባለው በግማሽ ያህል አንሶ ነው ያገኘው። የቤተሰብ ኑሮ ሲታሰብበት ደግሞ ይብሱን ቀነሰ። ይሄ ሳይንሱን አያሳፍርም፤ እንዲያውም ሥራው ነው።

እያንዳንዳችሁ ከዚህ በፊት ያጋራችሁትን አንድ ፖስት ከነምንጩ ይዛችሁ ኑ። ምንጩ ከጠፋም እሱኑ አምጡት። የእኔ ሐሳብ ምንጭ የሌለው አይለጠፍ ነው። የማትስማሙ ተዘጋጁበት።

የምትገኙ እስከ ሐሙስ «አለሁ» በሉ።