የወፍ ጉንፋን ሲጠረጠር የካሳው ተመን ከላቦራቶሪው ውጤት በፊት ይታወቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ከሠላሳ ዓመት በላይ በወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ቢሾፍቱ ዳርቻ በሚገኘው ግቢዬ 300 ያህል እንቁላል ጣይ ዶሮዎች እያረባሁ እኖራለሁ። ለዚህ ደብዳቤ ያነሣሣኝ የወፍ ጉንፋን በዓለም ዜና በተነሣ ቁጥር እኛ ዘንድ «ዝግጁ ነን» ከሚለው መግለጫ አልፎ የማይሄደው ውይይት ነው። ስለ ክትባት፣ ስለ ምርመራ መሣሪያና ስለ ድንበር ቁጥጥር ብዙ ይባላል። በሽታው ተጠርጥሮ ገና ባልተረጋገጠባቸው ቀናት ባለ ዶሮው ምን እንደሚያደርግና የሚወገዱበትን ዶሮዎች ዋጋ ማን እንደሚከፍለው ግን ሲነገር አልሰማሁም። በሽታው የሚያመልጠን ደግሞ በእነዚያ ቀናት ነው ብዬ አምናለሁ።

በዕድሜ የገፋን ሰዎች 1998 ዓ.ም.ን እናስታውሳለን። በዚያ ዓመት የካቲት መጀመሪያ ላይ ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ በናይጄሪያ ካዱና ግዛት በአንድ የዶሮ እርባታ መገኘቱ ሲነገር፣ ይህ ቫይረስ አፍሪካ መግባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋገጠ። ብዙ ሳምንት ሳይቆይ ግብፅ፣ ኒጀርና ካሜሩን ተከተሉ፤ በሚያዝያ ሱዳን፣ በግንቦት ደግሞ ጅቡቲ በሽታው መግባቱን አስታወቁ፤ በጅቡቲም ከጥቂት ዶሮዎች ሌላ አንዲት ሕፃን ታመመች። በዚያው ወቅት በእኛ አገር፣ በጉራጌ ዞን ጉብሬ በሚገኘው የመንግሥት የዶሮ እርባታ በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች በድንገት በማለቃቸው ናሙና ተወስዶ ተመረመረ፤ ውጤቱም የወፍ ጉንፋን አለመሆኑን አሳየ። ነገር ግን ውጤቱ እስኪነገር ድረስ ወሬው ከላቦራቶሪው ቀድሞ ገበያውን አዳርሶት ነበር። እኔ እሠራበት በነበረው ወረዳ፣ ለፋሲካ ይሸጣሉ ተብለው ዐቢይ ጾምን ሙሉ በእህል የተቀለቡ አውራ ዶሮዎች ገዢ አጥተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወቅት አንድ ቀን ከአእምሮዬ አይጠፋም። አንዲት ባልቴት ከሩቅ ቀበሌ ልጅ ልከው አስጠሩኝና ስደርስ፣ ከአሥራ ስድስት ዶሮዎቻቸው አራቱ ሞተው፣ ሁለቱ አንገታቸው ተጠማዞ አገኘኋቸው። በተሰጠኝ መመሪያ መሠረት «እማማ፣ የቀሩትን አይሽጡ፣ ከግቢም አያውጡ፤ ናሙናው እስኪመረመር ይጠብቁ» አልኋቸው። እሳቸውም በጥሞና ሰምተውኝ ሲያበቁ «እሺ ልጄ፣ ቢሞቱብኝስ ማን ይከፍለኛል? እናንተስ ብትገድሏቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላ ስመለስ የተረፉት ዶሮዎች በግቢው አልነበሩም። ባልቴቷን ለመውቀስ ያን ጊዜም አልደፈርሁም፣ ዛሬም አልደፍርም፤ ለጨው፣ ለበርበሬና ለልጅ ደብተር የሚሆን ገንዘብ ያላቸው በእነዚያ ዶሮዎች ላይ ብቻ ነበርና።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በዶሮ ወረርሽኝ ጊዜ ግን በሽታውን የገለጠ ሰው የሚያገኘው መድኃኒት ሳይሆን፣ የታመሙትም ጤነኞቹም ዶሮዎቹ ባንድነት ተገድለው ሲቀበሩ ማየት ነው። ስለ እንስሳት በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 267/1994 ባለቤቱ በሽታ ሲጠረጥር እንዲያሳውቅ አዝዟል፤ ይህም ትክክል ነው። ሆኖም አንድን ሰው ሕግ ስላለ ብቻ ያለ ምንም ምትክ ሀብቱን ይዞ እንዲመጣ መጠበቅ፣ በተለይ ዶሮ በአንድ ቀን ከግቢ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ሌላ ከተማ በሚደርስበት አገር፣ ከንቱ ተስፋ ነው። ለአርሶ አደሩና ለአርቢው በቀበሌው የሚያውቀው፣ በብር የተጻፈ የካሳ ተመን ያስፈልገዋል። እኔ ባለሁበት አካባቢ እንዲህ ያለ ተመን የሚያውቅ አርቢ እስካሁን አላገኘሁም።

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ላንሣ። እኛ «ፈንግል» የምንለው፣ በሳይንሱ ኒውካስል የሚባለው በሽታ፣ በዝናብ መግቢያ ላይ በየዓመቱ ማለት ይቻላል መንደሮችን ያራቁታል። አረንጓዴ ቅዘን፣ የአንገት መጠማዘዝ፣ የክንፍ መውደቅና ድንገተኛ ሞት በፈንግልም በአደገኛው የወፍ ጉንፋንም ይታያሉ። በዓይን ብቻ ለይቶ የሚናገር ባለሙያ ካለ ተሳስቷል። ስለዚህ «የተለመደው ፈንግል ነው» የሚለው አነጋገር፣ ብዙ ጊዜ እውነት ቢሆንም፣ ከሁሉ የሚያሰጋኝ አነጋገር ነው። ናሙናው በበረዶ ሣጥን ተይዞ ሰበታ ወደሚገኘው የምርመራ ማዕከል በጊዜ ካልደረሰ፣ እውነተኛው የወፍ ጉንፋን የመጣ ቀን እርሱም «የተለመደው ፈንግል» ተብሎ ይታለፋል። ፈንግልን በክትባት በደንብ መቆጣጠር ራሱ የወፍ ጉንፋን ጥበቃ አካል መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል፤ ፈንግል በቀነሰ መጠን ያልተለመደ እልቂት ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል።

የሌሎች አገሮች ልምድ ይህንኑ ይነግረናል። ታይላንድ በ1996 ዓ.ም. ዶሮዎቿ ሲያልቁ ባለሥልጣናቷ የዶሮ ኮሌራ ነው ሲሉ ሰነበቱ፤ በጥር ወር የወፍ ጉንፋን መሆኑን ሲያምኑ በሽታው ብዙ ግዛቶችን አዳርሶ፣ ሰዎችንም ይዞ ነበር። የሚያስመሰግናት ግን ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። በገጠር ያሉ የጤና በጎ ፈቃደኞቿን በብዙ መቶ ሺህ አሰማርታ ቤት ለቤት ስለታመመ ዶሮም ስለታመመ ሰውም አስጠየቀች፤ ለሚገደሉ ዶሮዎችም አብዛኛውን የገበያ ዋጋ ከፈለች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በሽታው ሰው መያዙ ቆመ። እኛ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር አማካይነት በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። እነዚህ እኅቶቻችን የየቤቱን ደጃፍ ያውቃሉ። ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ጋር አንድ የሪፖርት ቅጽ ቢሰጣቸው የሚያደርጉት ብዙ ነው።

ግብፅ በተቃራኒው ታሳዝነኛለች። በቤት ጣሪያ ላይ ዶሮና ዳክዬ ለሚያረቡ ድሆች ቤተሰቦች ካሳው አልደረሰም፤ ክትባት በሰፊው ቢሰጥም የታመመውን የሚገልጥ ጠፋ፤ በሽታውም በአገሪቱ ሥር ሰደደ። በዓመታት ውስጥ ከ350 በላይ ሰዎች ተይዘው 120 ያህሉ ሞቱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ዶሮ የሚመግቡ፣ የሚያርዱና ላባ የሚነጩ ሴቶች፣ በግቢው የሚጫወቱም ልጆች ነበሩ። ናይጄሪያ ካሳ ለመክፈል ፈጥና ወሰነች፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ዶሮ 250 ናይራ የሚል አንድ ዋጋ በመቁረጧ፣ ለጫጩትም እንቁላል መጣል ለጀመረች ቄብም ያው በመሆኑ፣ አርቢዎች ተጎዳን አሉ። ደቡብ አፍሪካ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በሌላ የወፍ ጉንፋን ዓይነት ተመትታ እንቁላል ከገበያ እስኪጠፋ በደረሰችበት ጊዜ፣ የካሳው ጉዳይ አስቀድሞ ስላልተቋጨ አርቢዎችና መንግሥት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሆኑ። ክርክሩ ከበሽታው በፊት አልቆ ቢሆን ኖሮ ለሁሉም በበጀ ነበር።

አሁን የእኛ ሁኔታ ከ1998 ዓ.ም. ይልቅ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ50 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ዶሮዎቻችን በአብዛኛው በየግቢው እየለቀሙ የሚኖሩ ቢሆኑም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዲስ አበባ ዙሪያ በሺዎች የሚያረቡ ድርጅቶች በዝተዋል። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የአንድ ቀን ጫጩቶችና ያደጉ ቄቦች ወደ ወረዳዎች በብዛት ይሠራጫሉ። ይህን ሥራ ከልቤ እደግፈዋለሁ፤ ልጆች እንቁላል ሲበሉ ማየትን የመሰለ ነገር የለም። ነገር ግን አንድ ማባዣ ጣቢያ ቢታመም በሽታው በአንድ ሳምንት ውስጥ በብዙ ዞኖች ሊገባ እንደሚችል ማሰብ የግድ ነው። በዚህ ላይ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን፣ ዝዋይ፣ አብያታና ሻላ፣ እኔ በደጃፌ የማየው የጨለቅለቃ ረግረግ ጭምር፣ ከመስከረም ጀምሮ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ማረፊያ ናቸው። ወፎቹን መውቀስም ማጥፋትም አይገባም። ዶሮዎቻችንን ከሐይቁ ዳር ውኃና ከዳክዬዎች መለየት ግን ይቻላል።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በዶሮ እርባታዎች በሽታ ተነሥቶ የዶሮ ዝውውር ለጊዜው ሲገደብ፣ የጎረቤቶቼን ጭንቀት ከቅርብ አይቻለሁ። እገዳው አስፈላጊ ነበር፤ እኔም ደግፌዋለሁ። ይሁን እንጂ መኖ በየቀኑ ይገዛል፣ እንቁላል በየቀኑ ይወጣል፣ የባንክ ዕዳም ቀኑን አይረሳም። እገዳው ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ምርመራው የት እንደደረሰ በየዕለቱ የሚናገር አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ በየስልኩ የተላለፈው ወሬ ግማሹ ባልተነገረ ነበር። «ገና አላወቅንም፣ ነገ በዚህ ሰዓት እንነግራችኋለን» ማለት መንግሥትን አያሳንሰውም፤ ሕዝቡም አይደናገጥበትም። በደንብ የበሰለ ወጥና የተቀቀለ እንቁላል እንደማያሳምም፣ አደጋው የታመመ ዶሮ ሲታረድ፣ ላባው ሲነጭና ሲበለት መሆኑን በግልጽ መናገርም ከመጀመሪያው ቀን የሚጀምር ሥራ ነው። ይህን የሚሠሩት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ስለሆኑ መልእክቱ በቀጥታ ለእነርሱ ይድረስ።

ስለዚህ የግብርና ሚኒስቴርን በጋዜጣችሁ በኩል የምጠይቀው ይህን ነው። ለሀገረ ሰብ ዶሮ፣ ለእንቁላል ጣይ፣ ለሥጋ ዶሮና ለጫጩት እንደ ዕድሜያቸው የተለየ የካሳ ተመን ይውጣ፤ ገበያው በተለወጠ ቁጥርም ይታደስ። ገንዘቡ በሽታው ከመጣ በኋላ የሚለመን ሳይሆን አስቀድሞ በበጀት የተያዘ ይሁን። በቁጥጥር ሥር እንዳሉ በባለሙያ ትእዛዝ ለሚገደሉት ሙሉ ዋጋ ይከፈል፤ ቀድመው ለሞቱት ግን አይከፈል ወይም በጣም ይቀነስ፣ ምክንያቱም ባለቤቱ በመጀመሪያው ቀን እንዲደውል የሚያደርገው ይህ ልዩነት ነውና። ክፍያው ወራት የሚፈጅ ከሆነ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል፤ በተገደሉ በሳምንት ውስጥ በቀበሌው በኩል እጃቸው ይግባ። አንዳንዶች ሰዎች ለካሳ ሲሉ ሆን ብለው ያሳምማሉ ይላሉ። እንዲህ የሚያደርግ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ቆጠራው በሁለት ምስክር ፊት ቢደረግና ካሳው ከገበያ ዋጋ ባይበልጥ ማንም የሚጥሉ ዶሮዎቹን አሳምሞ አያተርፍም።

የዝናቡ ወቅት በቀረበ ቁጥር እኔም ጠዋት ጠዋት በር ስከፍት አስቀድሜ የማየው የዶሮዎቼን አንገት ነው። አንዷ ተጠማዛ ባገኛት እንደ ባለሙያ ወዲያው መደወል እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እደውላለሁም። ግድግዳ የሚያዋስነኝ ጎረቤቴ ግን 800 ዶሮዎች በብድር ገዝቶ የያዘ ወጣት ነው። ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ ብናገር ስንት ይሰጡኛል?» ብሎ ጠይቆኛል፤ ሚኒስቴሩ የሚሰጠውን መልስ በጋዜጣችሁ ላይ አንብቤ እነግረዋለሁ ብዬዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የእንስሳት ጤና ባለሙያ
ከቢሾፍቱ