ብሬከሩን ለምን አላሳደግንም፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልኬን የማነሳው እየፈራሁ ነው። ድሮ ሲደወል «ቶሎ ድረስልን» ነበር። አሁን «አንተም እንደሌሎቹ ሆንክ?» ሆኗል። ለእያንዳንዱ ስልክ ቆራርጬ ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ቅር ያሰኛችሁ ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፣ እየወረደ ያስቸገራችሁን ብሬከር በትልቅ ቀይሩልን ስትሉን እምቢ ማለታችን። ሁለተኛው፣ ምንም ዕቃ ባንቀይርም ብልሽቱን ለፈለግንበት ሰዓት ማስከፈል መጀመራችን። ይህን ክፍያ አስቀድመን አልነገርናችሁም፤ ያያችሁት ደረሰኙ ላይ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ። የቀረውን ግን ላስረዳ።

ወሬው የተነሳው ከአንድ ኩሽና ነውና ከዚያው ልጀምር። «ኩሽናዬን አጨልሞብኝ ሄደ» ያሉት ደንበኛችን አልዋሹም። አጨልሜዋለሁ። ለምን እንዳጨለምኩት ግን ወሬው ላይ የለም።

የኩሽናው ሶኬቶች በሙሉ ያሉት አንድ 16 አምፔር ብሬከር ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ይወርዳል። ሶኬቶቹ ላይ የተሰካውን ቆጠርኩ። ውሃ ማፍያው 2000 ዋት፣ ትንሿ ኦቭን 2000፣ ጥግ ላይ ያለው ካውያ 1200። ድምሩ 5200 ዋት። ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 24 አምፔር ይመጣል። 16 የተባለ ብሬከር 24 ሲጭኑበት ምን ያድርግ? ውስጡ ሲሞቅ የሚታጠፍ ቀጭን ብረት አለው። ትንሽ ታገሠ፣ ሞቀ፣ ታጠፈ፣ ወረደ። አልተበላሸም። ሥራውን ሠራ።

ደንበኛዬ ግን «32 ግጠምልኝና እንገላገል» አሉኝ። ጎረቤታቸው አስገጥመው ሰላም ነው አሉ። እኔ ደግሞ ሶኬቱን ልየው ብዬ ኦቭኗን ከግድግዳው ሳብ አደረግኩ። ሶኬቱን ፈትቼ ወደ ውጪ ስስበው የሽቦው ሽፋን እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ እየተፈረፈረ እጄ ላይ ቀረ። አንዱ ብሎን ላልቷል። ከጎኑ ያለው ፕላስቲክ ጠቁሯል፣ ይሸታል። የላላ ብሎን ያሞቃል። ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይላላል። ይህ ሁሉ የሆነው በ16 ብሬከር ነው፣ ያውም እየወረደ እያስጠነቀቃቸው።

በ32 ቢሆንስ? የሽቦ ሙቀት ከአምፔሩ ጋር እኩል አይጨምርም። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ ነው፤ ይህን ጭነት አይችልም። 32 ብሬከር 30 አምፔር ሲያልፍ ዝም ብሎ ያሳልፋል። ብሬከሩ አይወርድም፣ ቤቱም ጸጥ ይላል፣ ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ ይበስላል። ሽቦው ይቀየር አልኩ፣ አይሆንም ተባልኩ። ስለዚህ መስመሩን ዘግቼ ወጣሁ። ደግሜ ቢሆንም ያንኑ ነው የማደርገው።

አሁን ወደ ክፍያው። ሌላ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን። እዚያ የሚወርደው ተራው ብሬከር አይደለም፤ ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለው፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲሾልክ የሚያቋርጠው ነው። እሱ ብዙ አይጠብቅም። 30 ሚሊአምፔር ሳይሞላ ይጥላል፤ የተሠራው ሰው እንዳይሞት ነውና። ችግሩ፣ ሁልጊዜ አይጥልም። አንድ ቀን ይጥላል፣ አንድ ቀን አይጥልም። የመጀመሪያ ቀን ሄድን፣ ሁሉም ሰላም። ሁለተኛ ቀን የሽቦው ሽፋን ኤሌክትሪክ ያሾልክ እንደሆነ ለማየት መስመሩን በ500 ቮልት መለኪያ ለካሁት። ቢያንስ 1 ሜጋኦም ማሳየት አለበት፣ እሱ በብዙ እጥፍ አሳየኝ። ጤነኛ መስመር ነው። ሦስተኛ ቀን ማሽኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሙሉ እጥበት ጠበቅኩ። ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ፣ ውሃ ማሞቅ ሲጀምር፣ ጧ! ማሞቂያው ነው። ሽፋኑ በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ተከፍቶ ውሃ አስገብቷል። በቀዝቃዛ ውሃ ሲያጥቡ ምንም የለም፣ በሙቅ ሲያጥቡ ይጥላል። ነገሩ ያ ብቻ ነበር።

ማሞቂያውን የቀየርኩት በሃያ ደቂቃ ነው። «ለሃያ ደቂቃ ሥራ ይህን ያህል?» ተባልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሆድ ባሰኝ። ሃያው ደቂቃ የታየው ሦስቱ ቀን ስላልታየ ነው። እኔ እስካሁን የፍለጋውን ሰዓት አላስከፍልም ነበር። የሚያካክሰው የዕቃ ትርፍ ነበር። አሁን መዳብ ተወዷል፣ ከመዳብ ጋር ሽቦው፣ ከሽቦው ጋር ሁሉም። በዕቃ ላይ የማተርፈው የነዳጁን እንኳ አይሸፍንም። መለኪያው በየጊዜው መስተካከል አለበት፣ ያም በገንዘብ ነው። ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ፤ አንዱ ትዳር ሊይዝ ነው። ለፍለጋ ካልከፈላችሁኝ የሚቀረኝ አንድ መንገድ ነው፦ ያልተበላሸ ብሬከር ተበላሽቷል ብዬ መቀየር። እንዲህ የሚያደርግ የለም እንዳትሉኝ። እኔ ግን አልችልበትም።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በአንድ ቴስተር፣ በአንድ ፒንሳና በትውስት መሰላል ነው። ፒንሳዋ የታላቅ ወንድሜ ነበረች፣ እጀታዋን በፕላስተር ጠቅልዬ እስካሁን እሠራባታለሁ። መሰላሉን ማን እንዳዋሰኝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ያኔ የጠራችሁኝ ሰዎች ዛሬም ትጠሩኛላችሁ፣ ልጆቻችሁም ይጠሩኛል። የተቆጣችሁትም በአብዛኛው እናንተው ናችሁ። የማያውቀኝ ሰው ቢቆጣ እንዲህ አልጽፍም ነበር።

ደግሞ ገንዘብ ፈልጌ ቢሆን ቀጥሎ ያለውን አልነግራችሁም። ብሬከር ሲወርድ ወዲያው አትደውሉልኝ። መጀመሪያ በዚያ መስመር ላይ ያለውን ሁሉ ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፋት አይበቃም፣ ንቀሉ። ከዚያ ብሬከሩን አንሱት። መሃል ላይ ቆሞ ከሆነ በቀጥታ ወደ ላይ አይሄድም፤ በመጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ግፉት፣ ከዚያ ወደ ላይ። ባዶውን ከቆመ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየሰካችሁ አብሩ። አንዱን ስታበሩ ወዲያው ከጣለ ሌባውን ያዛችሁት ማለት ነው፤ ያንን ዕቃ ብቻ አስጠግኑ፣ እኔን አትፈልጉኝም። ወዲያው ሳይሆን ብዙ ዕቃ አብሮ ሲሠራ ቆይቶ ከወረደ ጭነት ነው፤ ካውያውንና ውሃ ማፍያውን አታጋጥሟቸው። ማከፋፈያ ገዝቶ መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ሶኬቱ ይበዛል እንጂ ሽቦው አይወፍርም። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚጥል ከሆነ የውጪ መብራታችሁን ጠርጥሩ፤ ውሃ የገባበት አምፖል ማቀፊያ ስንቱን ቤት አስጨንቋል።

ሁሉም ተነቅሎ አሁንም ከጣለ ግን ተዉት። ደጋግማችሁ አታንሱት፣ በእጅ ወይም በእንጨት ደግፋችሁም አታቁሙት። (አንድ ቤት በማስቲካ አጣብቀውት አግኝቻለሁ። ደግሞ ብሬከር ቢደገፍም ውስጡ ይወርዳል፤ በከንቱ ነው የደከሙት።) ኮንታክት ሊሆን ይችላል። የተቃጠለ ሽታ ካለ ወይም የብሬከሩ ሳጥን ከሞቀ ዋናውን አጥፉና ደውሉ። ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

ከዚህ በኋላ ስትደውሉ የፍለጋው የሰዓት ሂሳብ ከመምጣታችን በፊት በስልክ ይነገራችኋል። ብልሽቱን ካላገኘን አንከፈልም። ያለፈው ወር ደረሰኝ ድንገት የሆነባችሁ ይዛችሁት ኑ፣ እንነጋገራለን። በትልቅ ብሬከር ጉዳይ ግን አንነጋገርም። ሌላ ባለሙያ ካስገጠማችሁ አልቀየማችሁም፤ ብቻ ሽቦውን መጀመሪያ እንዲያይላችሁ ለምኑልኝ።

ለኩሽናው ባለቤት፦ ያንን መሰላል ያዋሱኝ እርስዎ ነዎት። አልረሳሁትም። ሳልመልስ ይህን ያህል ዓመት መቆየቴ ያሳፍረኛል። ቅዳሜ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ፣ አዲስ ሽቦም ጭኜ። ለኦቭኗ የራሷን መስመር እስባለሁ። የሽቦውን ብቻ ይከፍሉኛል፣ የእጄን አልቀበልም። በሩን ካልከፈቱልኝ መሰላሉን ደጃፍ ላይ ትቼው እሄዳለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤትና ኤሌክትሪሺያን